ሄሊኮፕተር ያልነበራቸው አሠልጣኝ፦ የዌንደል ሃስካምፕ የሕይወት ታሪክ

አሠልጣኝ ዌንደል ሃስካምፕ ከአባታቸው ከአቶ ኤልደን ሃስካምፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢርማ ሩሽ፣ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ኦሪን በምትባል የገበሬዎች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1951 ተወለዱ።

ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በ1973 ከቤል ክሪክ ኮሌጅ በሒሳብ መምህርነት ተመረቁ። በኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ እንደ ራሳቸው አባባል ከተጫወቱት ተቀምጠው ያዩት ይበልጣል። በ1976 ከወይዘሮ ሎርና ጋር ትዳር መሥርተው ዴኒዝንና ከርትን አፍርተዋል።

ከ1981 ጀምሮ የቤል ክሪክን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት መሩ። የበረዶውን ወራት የሚያሳልፉት ግን ተጫዋች ፍለጋ በየወላጁ ማእድ ቤት ነበር። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ወጪ ችለው፣ በቴሌቪዥን እናሳያችኋለን ብለው ልጆቹን ይወስዳሉ። እሳቸው የሚሰጡት ተስፋ እናት ስትደውል ስልኩን ራሳቸው እንደሚያነሡ ብቻ ነበር። የቀረበላቸውን የፓይ ኬክ ሳይጨርሱም ከማንም ቤት አይወጡም።

በ2008 የኮሌጁ ቦርድ በቂ ተጫዋች ካልፈረመ ቡድኑ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሠልጣኙ ተስፋቸውን ኮዲ ብራንድል በሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላይ ጣሉ፤ እሱ ከመጣ ጓደኞቹም ይከተሉታል። በመጨረሻው ዓመት በጨዋታው ስሙ እስኪወጣ ድረስ፣ አጭር ነው ተብሎ ማንም ያልፈለገው ልጅ ነበር። ሲመላለሱበት ከርመው ፊርማው ሲቃረብ፣ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ በሄሊኮፕተር መጥቶ የልጁ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አረፈ። የኮዲ እናት ወይዘሮ ጆሊን ለአሠልጣኝ ዌንደል ደወሉላቸው።

«ኮች፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የእርስዎ ልጅ ቢሆን የት ይልኩት ነበር?»

«እዚያው ይሂድ ጆሊን። ልጁ ሲጎዳም ያ ሄሊኮፕተር ይመጣ እንደሆነ ግን ጠይቂልኝ።»

በፊርማው ቀን ተጫዋች የመረጠውን ኮሌጅ ኮፍያ ማጥለቁ ልማድ ነው፤ ኮዲም ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የኮሌጅ ኮፍያዎች የትልቁን ዩኒቨርሲቲ አንሥቶ አጠለቀ። የቤል ክሪክ ኮፍያ እዚያው ቀረ። ጓደኞቹም ወደየፊናቸው ሄዱ፤ ቡድኑ ተዘጋ። አሠልጣኙ በዚያው ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር ቀጠሉ።

በሁለተኛው ዓመት ኮዲ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ስኮላርሺፑም አልታደሰለትም። ሄሊኮፕተሩ አልመጣም። አሠልጣኙ በፒክአፕ መኪናቸው ሄደው ከነክራንቹ አመጡት፤ ቤል ክሪክ አስመዝግበው እስኪመረቅ ከቤታቸው አኖሩት። ለእሳቸው አንድም ቀን አልተጫወተም።

ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ለዲያሊሲስ ሆስፒታል ያመላልሳቸው የነበረው ኮዲ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ጠዋት ሊወስዳቸው ሲመጣ ዐርፈው አገኛቸው። የበረዶ ጃኬታቸው እስከ ዛሬ ፒክአፑ ውስጥ አለ፤ ያነሣው የለም።

አሠልጣኝ ዌንደል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሎርናን፣ ልጆቻቸውን ዴኒዝንና ከርትን፣ እንዲሁም ወይዘሮ ሎርና ከልጆቹ ጋር ይጻፍ ባሉት መሠረት ኮዲን ትተው አልፈዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ምርጫ ሲጠብቁ የኖሩትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔር ሳያስጠብቅ ይቀበላቸው።