ሬዲዮው ቆርጦ ያስቀረው

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ለውድ ወንድሜ ለማሙሽ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ይነጫነጫል። መልእክትህን አንብቤ ግን ደሜ ፈላ። «እታለም፣ በሬዲዮ ሰማሁሽ። አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ እኔ ለስፌት አልተፈጠርኩም፣ ማሽኔን ልሸጥ ነው» ትላለህ። ኧረ ወዲያ!

የሰማኸው እኮ ግማሹን ነው። ጋዜጠኛዋ «የስኬትሽ ምስጢር ምንድን ነው?» ስትለኝ «ጎማ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው። ያኔ ለአንድ ምግብ ቤት ሽርጥ ስሰፋ ኪሱን ከልክ በላይ አርዝሜው፣ «ይሄ ኪስ ነው ከረጢት?» ብለው ሁሉንም መለሱብኝ። ደጃፌ ላይ ሰቅዬው ተክዤ ስቀመጥ፣ የአንዲት የነርሶች አለቃ መኪና ፊት ለፊቴ ጎማው ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር እኔ ጋ አረፍ አለች። ሽርጡን አይታ እጇን ኪሱ ውስጥ ሰደደች። «ነርሶቼ ጎንበስ ባሉ ቁጥር መቀሳቸው ይወድቃል፤ ይሄስ አይጥልም» አለችና ለሆስፒታሉ በሙሉ አዘዘችኝ። በቃ፣ ያለፈልኝ እንዲያ ነው።

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ታውቀዋለህ። እጁ ከእኔ በብዙ ይበልጣል፣ ሱቁንም ቀድሞኝ ነበር የሚከፍተው። ያን ቀን ግን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሱቁ ዝግ ነበር። ባይሄድ ኖሮ ሴትዮዋ እሱ ጋ ትቀመጥ ነበር፣ ሽርጤንም አታየውም። ዛሬ እሱ ሥራውን ትቷል። ሰንፎ ነው? አፌን ሞልቼ አይደለም እላለሁ! ይሄን ሁሉ ለጋዜጠኛዋ ነግሬያት፣ ሌላውን ቆርጠው «ማለዳ ትነሳለች፣ ትተጋለች» የምትለዋን ብቻ አስተላለፉ። ማለዳ የማይነሳ ማን አለ?

ታዲያ ታሪኬ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ያፈርኩበትን ሽርጥ ደብቄ፣ በሬን ዘግቼ ብተኛ ኖሮ ጎማው ለሌላ ሰው ነበር የሚፈነዳው። አንተም ደንበኛ አጣህ እንጂ እጅህ አልከዳህም። አንተ የሰፋኸው ኮት ዛሬም ትከሻዬ ላይ ልክክ ይላል።

ስለዚህ ስማኝ። አዲስ ትእዛዝ መጥቶልኛል፤ ጨርቁን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ግማሹን ይዤልህ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አብረን እንሰፋዋለን። አትከራከረኝ፤ ስትከራከር ቁርጥ አባታችንን ነው የምትመስለው።

ፈጣሪ እጅህን ይባርክልህ፣ ደጅህ ሰው አይታጣበት። ለእኔ ብቻ አልፎልኝ አንተ ከቀረህ፣ ምኑን አለፈልኝ? ማሽኑን እገዛለሁ ብሎ የሚመጣ ካለ፣ «እህቴ ልትሰፋበት መንገድ ላይ ናት» በለው።

የምትወድህ፣
እታለም