ከመቶ አምስት

ይድረስ ለእትዬ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ልጆቹስ፣ ላሞቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላው ሌላው ደህና አይደለም። በስልክ እማ እንዴት አደረች ባልኩሽ ቁጥር ወይ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ወይ አንቺ የልጆቹን ወሬ ትጀምሪልኛለሽ። ወረቀት አይቋረጥም ብዬ ጻፍኩልሽ።

እማን ኮሮና ያዛት ካልሽኝ ዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ሆነ። እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል አንሳብ፣ የሰው ቤት እየጠረግሁ ከመንገብገብ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የማዳሜ ልጅ ዶክተር ሃይተም እንደሆነ አያክምም፤ ሥራው መቁጠር ነው። ይኸው በሽታ ከያዛቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከመቶው ስንቱ እንደሚሞት ያሰላል። ቢሮው ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሻይ ሳቀብለው እናቴ ትተርፍ እንደሆነ እሱን ጠየቅሁት።

ስንት ዓመቷ ነው አለኝ። ምን ልበለው? የእማን ዕድሜ ማን ጽፎት ያውቃል። አርባ አምስቴን ደፍኜ ነው አንቺን የመጨረሻዬን ያገኘሁት ትለኝ የለ፣ እሱን ነገርኩት። ፓስፖርቴ እነሱ እጅ ነው፤ እኔን ሠላሳ ሰባት ብሎ ደመረና ሰማንያ ሁለት አገኘ። ሰንጠረዡን አየና ፊቴን ሳያይ ከመቶ አሥራ አምስት ይሞታሉ አለኝ።

እትዬ፣ ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ አልነበር? ልጅ ናት ብለው እንዳይመልሱኝ ደላላው ዘጠኝ ዓመት ጨምሮ አስጻፈልኝ። አንቺም ቁመቷ ያስኬዳታል ብለሽ ስቀሻል። ያ ውሸት ዞሮ ዞሮ እናቴ ላይ ወደቀ። አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁትን እዚያው ቆሜ አወጣሁት፤ ሃያ ስምንት ነኝ፣ ፓስፖርቱ ውሸት ነው አልኩት። ካባረሩኝም ያባርሩኝ። እንደገና ደመረ። ሰባ ሦስት፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ከመቶ አምስት አለኝ።

ዘጠና አምስቱ ይተርፋሉ ማለት ነው። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። በኋላ ራሱ መጥቶ ቁጥሩ የሚያውቀው መቶ ሰው ነው እንጂ እናትሽን አያውቃትም አለኝ። ደግሞ ታመው ሳይመረመሩ የዳኑ ብዙ ስላሉ የሟቹ ድርሻ ከዚህም ሊያንስ ይችላል አለ። እሷን ቃል ይዤ ነው የማድረው። የሚሞቱት አብዛኞቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው ሲለኝም ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ቀን ካለፋት እማ ድናለች። ድናለች አይደል? ታዲያ ድምፅዋን ለምን አታሰሚኝም?

ትናንት ፋጤ ከምትሠራበት ከሩዊ ደወለች፤ ያቺ የሰፈራችን ልጅ። ዓርብ ሱብሒ ሰግደው፣ ገና ሳይነጋ፣ አራት ሴቶች አስከትላ ልትጠይቀኝ እንደምትመጣ ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ምን ያስመጣታል? ማዳምን ላስፈቅድ ብሄድ አስቀድማ ሰምታለች። ዓርብ ሥራ የለብሽም ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዳብሳኝ አታውቅም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ መሰለች የምትባል ጓደኛዬ ናት፤ ወጠያ የሚባል ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች፣ ነገ ወደ አገር ትበራለች። ዛሬ ጠዋት ዕቃ ልትቀበለኝ መጥታ ነበር። ላንቺ አንድ፣ ለእማ አንድ፣ ሁለት ሻርፕ ገዝቼ ነበር፤ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ቢመዘኑ እንኳ ሩብ ኪሎ አይሞሉም። ያንቺን ተቀበለችኝ። የእማን ሻንጣዬ ሞልቷል ብላ መለሰችልኝ፤ ስትመልስልኝ ፊቷን አዞረች። አልጠየቅኋትም። ዓርብ እሱን እከናነበዋለሁ።

አላህ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አንቺን እንኳ ያቆይልኝ፣ እትዬ።

የእናትሽ የመጨረሻ ልጅ፣
ታናሽ እህትሽ