የነፊሳ ድስትና የክቡርነትዎ ሳጥን

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንዳላማው ወልደ ሰንበት
የጽንዐ ሕይወት ሐኪም ቤት አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የመላ ቤተ ሰብዎንና በተለይም የሆድዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በልተው እንደሚያድሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ በገበያው ዳር ጨው፣ ስኳርና መኮሮኒ የምሸጠው አብዱልቃኒ አሊ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ነፊሳ ግን መጋቢት ፲፭ ቀን በሐኪም ቤትዎ አርፋለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ተደረገልን መስተንግዶ በአደባባይ ለማመስገንና አንዲት የጽሕፈት ስሕተት እንዲታረምልኝ ለመለመን ነው። ምስጋናው ተደብቆ እንዳይቀር አንዱን ቅጂ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ/ ስለ ሳጥኖቹ። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣው መኮሮኒ ከነቢጫ ዱቄቱ በትንንሽ ሳጥን ታሽጎ ሲራገፍ ከተማው ሁሉ አይቷል። ዱቄቱ በፈላ ውኃ ሲበጠበጥ አይብ ይሆናል ተብለናል። ላም ሳትታለብ፣ እርጎ ሳይናጥ፣ አሬራ ሳይሞቅ የሚገኝ አይብ አይተን አናውቅምና ግራ ቢገባን አይፍረዱብን። ነፊሳ መኮሮኒ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ደጀን ሳለን ከአንዲት የሾፌር ባለቤት ተምራ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሠራው ኖራለች፤ ቀቅላ፣ ከአምበር በሚመጣ አይብና በንጥር ቅቤ ለውሳ፣ ድስቱን ትከድንና ክዳኑ ላይ ፍም አድርጋ ላዩ እስኪቀላ ትጠብቃለች። በሐኪም ቤትዎ ቢጫው ሳህን ሲቀርብላት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ዱቄት የምን ስብ አለበት? ሙስሊም ናትና መጠየቅ ነበረባት። ምግብ የምታድለው ሴት ስላላወቀች ክቡርነትዎን ጠየቀች፤ እርስዎም ሳጥኑን አገላብጠው አይተው “ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ ትብላ” አሉ ተባለ። ስለ አጭሩ መልስዎ አመሰግናለሁ። አጠገቧ የተኙት ወይዘሮ አመተ ሥላሴም ሁዳዴ ነውና አይብ የተባለውን አልነኩም። እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ሳጥን ማስጾም ከእርስዎ በፊት የቻለ ሹም አልሰማሁም።

፪ኛ/ ስለ ማስታወቂያው። “በቤት የተሠራ ምግብ በሽታ ስለሚያመጣ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚለው፣ ማኅተምዎ ያረፈበት ወረቀት ዛሬም በሩ ላይ አለ። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚፈቀደው የእሑዱ የጠያቂ ሰዓት ደግሞ ሳጥኖቹን ሊመርቁ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለ መጡ ታጠፈ። ስለዚህ ነፊሳ በተኛችበት ዘጠኝ ቀን ፊቷን አላየሁም። ልጃችን መርየም የእናቷን ሙያ ይዛ በየቀኑ መኮሮኒውን ትሠራለች፤ እኔ ድስቷን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ዘበኛው አዘነልኝ፤ ወይም ያዘነልኝ መሰለኝ። “አስቀምጠው፣ ሰው ሳያይ እኔ አደርስላታለሁ” አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስመለስ ድስቷን ባዶዋን እቀበላለሁ። ወደ ቤት ሮጬ ለመርየም እናትሽ ጨርሳ በላች እላታለሁ፤ እሷም በደስታ የነገውን አይብ ልትገዛ ትወጣለች።

ድስቷ ከበሩ አልፋ እንደማታውቅ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። የነገሩኝ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ናቸው፤ ተሽሏቸው ወጥተው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። በመቀነታቸው ቋጥረው ያስገቡትን በሶ በውኃ እየበጠበጡ ያካፍሏት ነበር። በሶው አራት ቀን ቆየ። ከዚያ ወዲያ ነፊሳ ወደ በሩ እያየች፣ “አብዱልቃኒ እንዴት እንዲህ ጨከነብኝ?” ትላቸው ነበር አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ዘበኛውን ይቅጡልኝ አልልም፤ እሱም ቀለቡ ከዚያው ሳጥን ነበርና የቤት ምግብ አምሮት ነው።

፫ኛ/ ስለ ጽሕፈት ስሕተቱ። የሞት ምስክር ወረቀቷ “ሕመምተኛዋ የቀረበላትን ምግብ በገዛ ፈቃዷ እምቢ ብላ በመድከሟ ሞተች” ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ እጅ ጽሕፈትዎም ያማረ ነው። በእኛ ሃይማኖት ራሱን በረኃብ የገደለ ሰው ምን እንደሚባል ሳያውቁ አይቀሩም። መርየም ይህን ወረቀት ይዛ ልትኖር ነው። ነፊሳን ይመልሱልኝ አላልሁም። የምለምነው ያ አንድ መስመር ተሰርዞ “ምግቧ በር ላይ ቀርቶባት ሞተች” ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ቀለም ከቸገረዎ ከሱቄ አቀርባለሁ።

እነዚያ ሳጥኖች ብዙ ዓመት ቢቀመጡም አይበላሹም ተብሏልና፣ የክቡርነትዎንም ዕድሜ እንደነሱ ያድርግልን እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባለ ሱቁ አብዱልቃኒ አሊ

ማስታወሻ፦ መጋቢት ፲፭ ቀን ማታ ድስቷን ስቀበል ዘበኛዎ፣ “የዛሬው ከሁሉም ጣፍጧታል፤ ነገ ቅቤው ጠንከር ይበል ብላለች” አለኝ። መርዶውን በማግሥቱ ስሰማ ግን ነፊሳ ያረፈችው በዚያው በ፲፭ ቀን ጧት፣ መኮሮኒው ገና ሳይቀቀል ነበር። እንግዲህ በእርስዎ ወረቀት ምግብ እምቢ ብላ ሞታለች፤ በዘበኛዎ ቃል ደግሞ ከሞተች በኋላ እንኳ ቅቤ ጨምሩልኝ ብላለች። ሁለታችሁም የአንድ ሐኪም ቤት ሰዎች ናችሁና፣ ተመካክራችሁ ለመርየም አንዱን ንገሩልኝ። ቅቤውን አንጥራ አስቀምጣዋለች።