ስለ ካርቱም የእግር ሽርሽሬ ለአቶ አስናቀው የቀረበ ምስጋና

የካቲት 1977 ዓ.ም.
ገዳሪፍ

ለክቡር አቶ አስናቀው፣
የካምፓችን የስደተኞች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም ዐይንዎ እንዴት ነው? የእኛን ነገር ይተዉትና እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልን። ይህ ደብዳቤ በባለሱቁ በኸሊል በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ስኳር ሊገዙ ብቅ ሲሉ እግርዎን ሳያደክሙ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ አንዳርጌ ነኝ። ከመተማ በኩል በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ስመላለስ ኖሬ፣ ዘንድሮ ግን ድርቁ ቤቴን ስለ ዘጋው ከነባለቤቴ ከውባየሁ እዚሁ የቀረሁት ሰውዬ። የውባየሁ ግራ ዐይን የጠፋው ገና ስንመጣ መንገድ ላይ ነው። የቀረው የቀኙ ነበር። እሱም ሲቆስል የክሊኒኩ ሐኪም አይቶ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካርቱም ያለው የዐይን ሐኪም ካልደረሰላት ይኼኛውም ይጠፋል ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ስደተኛ ያለ ጉዞ ወረቀት ከገዳሪፍ ወዲያ እንደማያልፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና ወረቀቱን ልለምን ወደ እርስዎ መጣሁ። በዚህ ምክንያት የዋሉልኝን ውለታ በተራ በተራ ልዘርዝር።

1ኛ. በቅድሚያ ደጅ ስላስጠኑኝ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ከሹም ቤት ዘው ተብሎ አይገባም፤ ጋቢን አደግድጎ፣ ከደጃፍ ቆሞ፣ ባለቤቱ አይቶ እስኪጠራ መጠበቅ ነው ወጉ። አባቴም እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። አራት ቀን ሙሉ በዚያ ፀሐይ አደግድጌ ቆምኩልዎ። እርስዎም የአገሬ ልጅ ነዎትና ወጉን አሳምረው ያውቁታል፤ በመስኮት ብቅ እያሉ፣ መቆሜን እያረጋገጡ ይመለሱ ነበር። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አስጠሩኝ፤ እዚህ ፈጡር የሚሉት የረፋድ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ቀኝ እጅዎ እስከ አንጓው ፉል ውስጥ ገብቷል። የሐኪሙን ወረቀት በሁለት እጄ ዘርግቼ ብቆም፣ ይህ የካርቱም ሥልጣን እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ በሙሉ አፍዎ እያላመጡ ነገሩኝና በአገጭዎ መንገዱን አሳዩኝ። እኔም እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እጅ መንሣቴ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

2ኛ. ካርቱምን በነጻ ስላስጎበኙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ካርቱም ለመግባት ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሰው፣ ፈቃዱን ካርቱም ገብተህ አምጣ ብሎ መላክ ከእርስዎ በስተቀር ለማን ይታየዋል? በጭነት መኪና ላይ በሰሊጥ ጆንያ መሀል ተሸጉጬ በሁለት ቀን ደረስኩ። የከተማው አውቶቡስ ላይ ወረቀት ይጠየቃል ስለ ተባልኩ፣ ኪሴም ባዶ ስለ ነበር፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ አካለልኳት። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያለበትን ሰፈር ስላልነገሩኝ አንዱ ወደ ኦምዱርማን፣ ሌላው ወደ ባሕሪ እየሰደደኝ አንድ ቀን ሙሉ ድልድይ ለድልድይ ስንከራተት ዋልኩ። የባሕሪ ድልድይ ላይ ቆሜም ዓባይን አየሁት፤ ከእኛው አገር ተነሥቶ፣ የማንም ሊቀ መንበር ፊርማ ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ይገባል።

ከእኔ በኋላ ለሚልኳቸው መንገደኞች ይጠቅም ዘንድ ጥቂት ምክር ልተው። ውሃ በየአጥሩ ጥላ ሥር አለ፤ ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን ከነጣሳው ተቀምጧል፤ ማንም ጠጥቶ ቢያልፍ የማን ነህ አይባልም። የሚበላ ሲጠፋ የባቄላ መረቅ ላይ ዳቦ የሚፈተፍቱትን ቡሽ ይጠይቁ፤ በርካሽ ያጠግባል። ቀትር ላይ ሬንጁ ኮንጎ ጫማን እያቀለጠ ስለሚይዝ የግንብ ጥግ ይዞ መሄድ ነው። ጭንቀቱን ግን ምንም አያርቀውም። እኔ አንድ ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር ቀን እቆጥር ነበር።

3ኛ. ይህኛው ከእርስዎ ጋር የምንካፈለው ጥፋት ነው። መሥሪያ ቤቱን ያገኘሁ ዕለት እንደ ልማዴ አደግድጌ በሩ ፊት ቆምኩ። ሰው በአጠገቤ እያለፈ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል፤ ይህ ሁሉ የሹሙ ዘመድ መሆን አለበት እያልኩ ተራዬን ጠበቅሁ። ሦስት ቀን! ወይ እኔ! በሦስተኛው ቀን ከኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ኢንቲሳር የምትባል ሴት ትዕግሥቷ አለቀና፣ እዚያ እንደ ካስማ የተተከልኩት ምን ሆኜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስኪጠሩኝ ነው ብላት በአገሯ ማንም ማንንም እንደማይጠራ፣ ገብቶ ሰላም ብሎ፣ እጅ ጨብጦ፣ ተቀምጦ ጉዳይን መናገር እንደሆነ አስረዳችኝና ጀርባዬን ገፍታ አስገባችኝ።

ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለው ጉዳይ እሱ ዘንድ እንደማይመጣ፣ የካምፑ ሊቀ መንበር ሁለት መስመር ከጻፈ ሾዋክ ያለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ማኅተም እንደሚመታበት፣ ይኼም ዘንድሮ የተጀመረ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሁለት መስመር፣ አቶ አስናቀው! እጅዎን ታጥበው ብዕር ለማንሣት ሰንፈው ኖሯል። ሰውዬው ምንም ሳያገባው ፈቃዱን ራሱ ጻፈልኝ፤ ሻዬ እንኳ ገና አልበረደም ነበር።

4ኛ. የክሊኒኩ ሐኪም ወረቀቱን በጻፈልኝ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካምፕ ደረስኩ። ውባየሁ የእርዳታ ምስር ትለቅማለች፤ ጠጠሩን በጣቷ እየዳበሰች። ቀና ያለችው ድምፄን ስትሰማ ነው። ካርቱም ታምራለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ታምራለች አልኳት። ሐኪሙ በማግስቱ አያትና ከእንግዲህ ካርቱም መሄድ እንደማያስፈልጋት ነገረን። ለዚህ ቁጥር ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ክቡርነትዎ፣ እኔም ከጥፋቱ አላመልጥም። ያን ሦስት ቀን ማንም አላሠረኝም፤ ያሠረኝ ለእርስዎ ዓይነቱ ሹም ማደግደግ ነው። ስለዚህ ትናንት ደጅዎ ላይ የልጅ ልጃቸውን አዝለው የቆሙትን እናት እጃቸውን ይዤ በቀጥታ ወደ ውስጥ አስገብቻለሁ። ፈጡርዎን ስላቋረጥን ይቅርታ አልጠይቅም። ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም፤ ከደጅዎ የቆመ ባየሁ ቁጥር።

ጋቢውን ዳግመኛ ለእርስዎ የማያደገድገው፣ በውለታዎ ብዛት ሌት ተቀን የሚያስብዎ፣ ካርቱምን በእግሩ የሚያውቅ ወገንዎ፣
አንዳርጌ

ማስታወሻ፦ ከሐኪሙ በተመለስንበት ቀን፣ እርስዎ የጉዞ ፈቃዱ ለባለቤቱ መድረሱን መዝገብ ላይ ካላስፈረምኩ እጠየቃለሁ ብለው ውባየሁን አስጠርተዋት ነበር። እጇን ልያዝልሽ ብላት አሻፈረኝ ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ብቻዋን አተመች። ገጹን ሲያዩት እንዳይደነግጡ፤ አሻራው ያረፈው እርስዎ ስምዎን የጻፉበት ላይ ነው፤ ስምዎ ጨርሶ አይነበብም። ስንወጣ ቦታው ላይ አርፏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ልክ ቦታው ላይ ነው አልኳት።