ከታች ያንኳኳው ማን ነበር

አቶ ጊዝበርት ኖልቴ በሥራ ዘመናቸው አንድ ከባድ ስህተት ሠርተዋል። የተዘጋ ጭስ ማውጫ መርምረው «ክፍት ነው» አሉ፤ በዚያው ሳምንት ሰው ሞተ። ይህን አስቀድመን የምናነበው እሳቸው ራሳቸው «ቀብሬ ላይ ደግ ደጉን ብቻ አንብባችሁ እንዳትሸኙኝ» ብለው ስላዘዙ ነው።

አቶ ጊዝበርት ከአባታቸው ከአቶ ኤገን ኖልቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮስቪታ ባርቴል እ.አ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1951 በሃርዝ ተራሮች ሥር በምትገኘው በኤርለንሮደ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበሩ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረው እንደጨረሱ ከአንድ የጭስ ማውጫ መርማሪ ሥር ገብተው ሙያውን ተማሩ፤ ፈተናውን አልፈው በ1973 ወርቅማ ቁልፎች ያሉትን የሙያውን ጥቁር ልብስ ለበሱ።

በዓመቱ ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከወይዘሮ ገርሊንደ ጋር ተጋቡ። በአገሩ ልማድ የጭስ ማውጫ ሠራተኛን የልብስ ቁልፍ የነካ ዕድል ይቀናዋልና፣ እንግዳው ሁሉ የሙሽራውን ቁልፍ ሲነካ፣ ሲጎትት፣ አንዱ ቁልፍ ተነቅሎ ቀረ። ሙሽሪት «ዕድሉን እናንተ ከጨረሳችሁት ለእኔ ጥላሸቱ ሊተርፈኝ ነው እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ቶርበንና አንከ የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ።

የአቶ ጊዝበርት ሥራ በየቤቱ ጣሪያ ወጥቶ በጭስ ማውጫው ውስጥ በገመድ የታሰረ የብረት ኳስ ማውረድ ነበር። የቤቱ ሰው ምድር ቤት ወርዶ፣ ጥላሸት በሚጠረግባት ትንሽ የብረት በር አጠገብ ይቆማል። ኳሱ መሬት ሲነካ ሰውየው አይቶ በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ድምፁ በጭስ ማውጫው ወደ ላይ ይወጣል። «ደርሷል» ማለት ነው።

በ1988 መጸው ጫካው ዳር ወዳለው ወደ አቶ አልቪን ፕሮል ቤት ሄዱ። አቶ አልቪን እግራቸውን ታመው ከወንበር አይነሱም ነበርና ምድር ቤት እንዲወርዱ የተነገራቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦቲሊየ ናቸው። አቶ ጊዝበርት ኳሱን ለቀቁት። ገመዱ ላላ። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል። ገመዳቸውን ስበው ወረዱ። ወይዘሮ ኦቲሊየ በሽርጣቸው እንቁላል ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉና ቁልፋቸውን ነካ አድርገው «ዘንድሮ ብርድ አይደፍረንም!» ብለው ሸኟቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ወይዘሮ ኦቲሊየ እህታቸው ዘንድ አድረው ሲመለሱ አቶ አልቪንን ምድጃው አጠገብ፣ በወንበራቸው እንደተቀመጡ፣ በጭስ ታፍነው ሞተው አገኟቸው። ጭስ ማውጫው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የወደቀ ጡብ ተቀርቅሮ ነበር። በዙሪያው የተጋገረው ጥላሸት የቆየ ስለነበር፣ ጡቡ ከምርመራው በፊት የወደቀ ነው። ኳሱ ያረፈው መሬት ላይ ሳይሆን ጡቡ ላይ ነበር።

በቀብሩ ዕለት አቶ ጊዝበርት መቃብሩ ዳር ጠየቁ።

«ወይዘሮ ኦቲሊየ፣ ኳሱን ሳያዩ ለምን አንኳኩ?»

«እኔ? እኔ እኮ ምድር ቤት አልወረድኩም፣ ጊዝበርት። ዶሮዋ አምልጣኝ ጓሮ ለጓሮ ስሯሯጥ ነበር። ረስቼህ ነው።»

«ታዲያ ማን አንኳኳ?»

የወይዘሮ ኦቲሊየ ዓይን ቁልፎቹ ላይ አረፈ፤ እጃቸውን ግን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ጊዝበርትን ማንም አልከሰሳቸውም። እሳቸው ግን «ሳላይ በጆሮዬ አመንኩ» ከማለት ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ከዚያ ወዲህ በማንም ቤት ማንኳኳት አምነው አያውቁም። ከጣሪያ ይወርዳሉ፣ ምድር ቤት ይገባሉ፣ የብረቷን በር ከፍተው ኳሱን በእጃቸው ይዳብሳሉ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ ተሰላችቶ፦

«አንተ ሰው፣ አንኳኩቼልሃለሁ እኮ! ጆሮህ ጥላሸት ሞላው?» አላቸው።

«አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

በዚህ ጥንቃቄያቸው የተዘጉ ጭስ ማውጫዎች አግኝተዋል። በገና ዋዜማ ምድጃ አትለኩሱም ተብለው የረገሟቸው ቤተሰቦች ዛሬ ከነልጆቻቸው እዚህ ቆመዋል።

አቶ ጊዝበርት በ2014 ጡረታ ወጡ። ማንኳኳቱ ግን ጡረታ አልወጣም። በሥራም ሳሉ ከዚያም በኋላ ማንም ከሌለበት ምድር ቤት ደጋግመው ሰምተውታል፤ የሚነግሩትም ለባለቤታቸው ብቻ ነበር። ወይዘሮ ገርሊንደ «የውሃ ቧንቧ ነው፣ ተኛ» ይሏቸው ነበር። በ2022 አቶ ጊዝበርት በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከራሳቸው ቤት ምድር ቤት ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ ወይዘሮ ገርሊንደም ሰሙ። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ማነው፣ ገርሊንደ?»

ወይዘሮ ገርሊንደ ባትሪ ይዘው ወረዱ። የብረቷን በር ከፈቱ። የቀዘቀዘ ጥላሸት ብቻ።

«ማንም የለም» አሉ ተመልሰው።

«እንግዲያው ገና አልደረስኩም።»

ይህ ብዙ ጊዜ ሆነ። በተንኳኳ ቁጥር ወይዘሮ ገርሊንደ ይወርዳሉ፤ ሳያዩ «ማንም የለም» ብለው አያውቁም። በመጨረሻው ሰሞን አቶ ጊዝበርት የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ለመኑ፦

«ስሄድ አንቺ አንኳኪልኝ። እንደ አልቪን ቤት እንዳልታለል። ያንቺን ማንኳኳት አውቀዋለሁ።»

«ሞኝ ሽማግሌ! እዚያ ላይ ሆነህ ትሰማኛለህ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ላይ ሆኜ አይደል ስሰማ የኖርኩት?»

አቶ ጊዝበርት ኖልቴ የካቲት 11 ቀን 2023 ማለዳ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገርሊንደን፣ ልጆቻቸውን ቶርበንንና አንከን፣ የልጅ ልጃቸውን ስቬንያን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው የምትወጣበት መንገድ ጡብ ያልወደቀበት ይሁን፤ ከላይም የሚቀበላት አትጣ።

አስከሬናቸው ከቤት በወጣ ዕለት ወይዘሮ ገርሊንደ ሰዉን ደጅ አቁመው ብቻቸውን ምድር ቤት ወረዱ። የብረቷን በር በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኩ፤ ከፈቷትና እጃቸውን አስገቡ። ለአቶ ጊዝበርት ሳንባ ሲባል ምድጃው ከነደደ ወር አልፎታል፤ ነፋስም አልነበረም። ከላይ ግን፣ ሰው ገመድ ሲስብ እንደሚሆነው፣ ጥቂት ጥላሸት መዳፋቸው ላይ ረገፈ።

ወይዘሮ ገርሊንደ እጃቸውን ሳይጠርጉ የብረቷን በር ገጠሙ፣ ደረጃውን ወጡ፣ የቤቱንም በር ከኋላቸው ዘግተው አስከሬኑን ተከተሉ።