ስለ ቀጮ እጅ የተናገርኩት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሰባት የተማሪ ዩኒፎርም ጨረስኩ። ስምንተኛው ላይ መርፌ ተሰበረ… ተውኩት። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ዝም ያለ ቀን።

ቀጮ የችፑዱን ግድግዳ ሁለቴ አንኳኳች። ሻይ ደርሷል ማለት ነው። የእሷን ፀጉር ቤትና የእኔን ልብስ ስፌት የሚለየው ያ ስስ ችፑድ ብቻ ነው፤ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ኩባያውን በግራ እጇ ያዘች። ቀኙን በፋሻ ጠቅልላ ረጅም እጅጌ ለብሳበታለች።

"ዛሬስ?" አልኳት።

"ያው ነው እትዬ። ጣቶቼን ጉንዳን የወረራቸው ይመስላል።"

ሐኪሙ ነርቭ ነው ብሏታል። ሐምሌንና ነሐሴን ዘግታ የከረመችውም ለዚሁ ነበር። ለሰው ሁሉ ግን "ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው" ነው ያለችው። እጇን የታመመች ፀጉር ሠሪ ጋ ማን ይመጣል? ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። "ለባልሽም እንዳትነግሪ" ብላ። ለባሌ ነገርኩት… ባል ሰው ነው እንዴ።

ደግሞ የምትኖርበትን ቤት አከራይዋ ሊሸጡት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችበትን ሁለት ክፍል። "ቅድሚያ ላንቺ፣ እስከ ጥር መጨረሻ" ብለዋታል። የመነሻ ክፍያውን ቆጥባለች። የቀረውን ከባንክ የቤት ብድር ጠይቃለች። ካልሰጧት የት ትገባለች? አላውቅም። እሷም አታውቅም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዛሬ ለቀጮ ትልቅ ነገር አደረግሁላት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሸሚዝ ለባሽ ገባ። ሱሪ ሊያሳጥር መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። መታወቂያውን አሳየኝ። "ከባንክ ነኝ። የቤት ብድር ስለጠየቁት ጎረቤትዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።" ወንበሩን ከጨርቅ አራግፌ አስቀመጥኩት።

"ሥራ ቦታቸው አዘውትሮ ክፍት ነው?" አለኝ።

ምን ልበል? እሷን የመሰለ ሠራተኛ የት አለ? ነገርኩት። ማለዳ ከእኔ በፊት እንደምትከፍት፣ ደንበኛ ቢያስቀይማት እንኳ ክፉ ቃል ከአፏ እንደማይወጣ… "እንዲያውም" አልኩት፣ "ነርቭ ነው፣ እረፊ ብሏት ሐኪሙ፣ በታመመ እጇ ፋሻ ጠፍራ ነው የምትሠራው። ሁለት ወር ዘግታ ታከመችና ሳይሻላት ተመለሰች። የታለ እንዲህ ያለ ሰው?"

ሁሉንም ጻፈው። ደስ አለኝ። ሲወጣ ፈገግ አላለም፤ የባንክ ሰው መች ይስቃል።

ለቀጮ ገና አልነገርኳትም። ብድሩ ሲፈቀድላት "እኔ እኮ ነኝ" እላታለሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ባሌ ቁርስ ላይ፣ "የእጇንም ነገርሽው?" አለኝ።

"ጉብዝናዋን ለማሳየት ነው እኮ።"

ዳቦውን መልሶ አስቀመጠው። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ምነው አንድ ነገር ቢለኝ…

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ከለከሏት።

ግድግዳውን አላንኳኳችም፤ ራሷ መጣች። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆማ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፦ "የሂሳብ እንቅስቃሴዬን ሲያዩ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ነው፣ ለምን አሉኝ። ዘመድ ጥየቃ ብዬ በጽሑፍ ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከአካባቢ ያገኘነው መረጃ ከዚህ ጋር አይገጥምም ይሉኛል። ስለ እጄ ያውቃሉ እትዬ። እንዴት አወቁ?"

እግሬ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ያቺ ባለ መድኃኒት ቤቷ ናት" አለች። "ቅባቱን የምገዛው ከእሷ ነው። ሌላ ማን ያውቃል? አንቺና እሷ።"

"ይሆናል" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። "ይሆናል" አልኩ። ጭራሽ ራሴን እየነቀነቅሁ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ክር ልገዛ ስወጣ ባለ መድኃኒት ቤቷ ከበሯ ጠራችኝ።

"ጎረቤትሽን ምን አድርጌያት ነው? ሰላም ስላት ፊቷን አዞረችብኝ። ትናንትም እንደዚያው። እስኪ ጠይቂልኝ፣ አጥፍቼም ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

እሷ ይቅርታ ልትጠይቅ… የራስ ምታት ኪኒን ስጪኝ አልኳት። ራሴን አላመመኝም። ሦስት እሽግ ገዛሁ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ሥራ ዘግቼ ባንክ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። ተራ ቁጥር ሰጡኝ፣ 84። ሰውዬው ወዲያው አወቀኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን የነገርኩህ ውሸት ነው። ሰርዝልኝ።"

"የቱ?"

"የእጇ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እናቴ፣ ያን ቀን እውነት ነው ብለው ነገሩኝ። ዛሬ ውሸት ነው ይሉኛል። የቱን ልጻፍ?"

የነጠላዬን ጫፍ ጠመዘዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ተማሪ። "እሺ፣ ለምንድን ነው የከለከላችኋት?" አልኩት።

"ስለ ደንበኛ ለሌላ ሰው አልናገርም።"

አምስት ቃል። ተናገረና አፉን ዘጋ። እንዲህም ይቻላል ለካ…

ተነስቼ ልሄድ ስል አሳዘንኩት መሰለኝ። "ስለ እሳቸው አልነግርዎትም። ስለ ማንኛውም ተበዳሪ ግን ልንገርዎት" አለ። "የቤት ብድር አሥራ አምስት ዓመት ነው የሚከፈለው። ደግ ሰው ነው ወይ ብለን አይደለም የምንመዝነው፤ ዛሬ የሚያገኘው ገንዘብ እስከዚያ ይቀጥላል ወይ ነው። ድሮ የተበደረውን በቀኑ ከፍሏል ወይ እንላለን። ወርኃዊ ክፍያው ከገቢው ሲሶ ካለፈ ብድሩን እናሳንሰዋለን። ባዶ ወር ካገኘን ምን ሆኖ ነው ብለን እንጠይቃለን።"

"ታሞ ከሆነስ?"

"ሰው ይታመማል። መታመም ብቻውን አያስከለክልም። ታሞ ሳለ ዘመድ ጋ ነበርኩ ካለ ግን፣ ሌላስ ምን ደብቋል እንላለን።"

"ከተሳሳተ በኋላ አይስተካከልም?"

"ይስተካከላል። ራሱ ይመጣል፣ የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ እሱ ባይችል ሥራውን ማን እንደሚያስቀጥል ያሳያል። ራሱ ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው ልናገርለት ቢል አንሰማም።" ቀና ብሎ አላየኝም ይህን ሲል።

ስለዚህ መንገድ አለ። መንገዱን ግን ካልነገርኳት አታውቀውም። ስነግራት ደግሞ "ማን ነገረሽ? አንቺ ባንክ ምን ትሠሪ ነበር?" ትለኛለች።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ልነግራት ሄድኩ። ደንበኛ ነበራት። ተመለስኩ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ዛሬም ደንበኛ ነበራት… አልነበራትም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ነገርኳት።

ልትዘጋ ስትል ገባሁ። የወደቀውን ፀጉር በግራ እጇ እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጠችኝም፤ ገና ሳታውቅ።

"ባለ መድኃኒት ቤቷ አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ለባንኩ ሰው። ላሞግስሽ ብዬ። በታመመ እጇ ትሠራለች አልኩት… ጉብዝናሽን ለማሳየት።"

መጥረግ አላቆመችም። አንዱን ቦታ ደጋግማ ጠረገችው፤ ምንም ያልነበረበትን።

"ያቺን ሴት ስንት ቀን ዘጋኋት?"

"አሥራ ሁለት።"

"ቆጥረሻል።"

"ቆጥሬያለሁ።"

"እሷን ስወነጅላት አብረሽኝ ነበርሽ እኮ። ይሆናል አልሽኝ።"

አለቀስኩ። ማልቀሴ ራሱ አሳፈረኝ፤ ቤት የምታጣው እሷ፣ የማለቅሰው እኔ። እንደምንም ሰውዬው ያለውን አልኳት፦ የሐኪም ወረቀት፣ ሥራ የሚያስቀጥል ሰው፣ ራስሽ ሂጂ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ሌላ ለማን ነግረሻል?"

"ለባሌ።"

ሳቀች። መጥፎ ሳቅ ነው። "ውጪልኝ እትዬ፣ ልዘጋ ነው።"

እትዬ ማለቷን ግን አልተወችም። እሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ሳምንት ሆነ። ግድግዳው አልተንኳኳም። ሻዬን ራሴ አፈላለሁ፤ ውኃ ውኃ ይላል።

ጠዋት መድኃኒት ቤት ስትገባ አየኋት። ቆየች። ተያይዘው እስከ በር ወጡ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ወደ እኔ ሱቅ ተመለከተች… አጎንብሼ የሸሚዝ ቁልፍ ፈለግሁ። የወደቀ ቁልፍ አልነበረም።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ከችፑዱ ማዶ አዲስ ድምፅ አለ። ሠራተኛ ቀጥራለች፣ ሳቂታ ናት። ቀጮ ትነግራታለች፣ እሷ ትሠራለች።

የባንኩ ሰው በሱቄ በር አለፈና ተመልሶ ብቅ አለ። ቀጮ ወረቀቷን ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። "እንደምን አሉ? አዲሷ ሠራተኛ ከገባች ቆየች?"

የገባችበትን ቀን አውቃለሁ። የት ትሠራ እንደነበረም፣ ለምን እንደለቀቀችም አውቃለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"እሷው አለች፣ ጠይቃት" አልኩት። "በሩ ያ ነው።"

እንዲህ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ተፈቀደላት። ከጠየቀችው ግን አሳንሰውባታል፤ ለሠራተኛዋ የምትከፍለው ከገቢዋ ላይ ተቀንሶ። ድሮ ለፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ የተበደረችውን ከቀኑ ቀድማ መክፈሏ ጠቅሟታል አሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቀሚስ ልታስጠብብ ከመጣች ደንበኛዋ ነው። ቀጮ አልነገረችኝም።

የጎደለውን ለመሙላት ከሁለቱ ካስኮች አንዱን ሸጠች። ሁለት ሰዎች ተሸክመው በሱቄ ፊት ሲያሳልፉት አየሁ። ያ የእኔ ወሬ ነው፣ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ።

ለማገዝ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ወሰድኩላት። "ለራስሽ ይሁንሽ" አለች። ክፉ አልተናገረችም። ፖስታውን እንኳ አልነካችውም።

ጥር 30፣ ዓርብ

ዛሬ ቁልፉን ተረከበች። የገዛ ቤቷ ሆነ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ችፑዱ ተንኳኳ፣ ሁለቴ። ስንጥቅ ውስጥ የገባ አይጥ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደግሞ ተንኳኳ።

ገባሁ። ባለ መድኃኒት ቤቷም ነበረች። ቦታ ለቀቀችልኝ። ይቅርታ ጠይቄያት ነበር ባለፈው ሳምንት፤ "ኪኒኑን ጨረስሽው?" ብላኝ ብቻ ነው ያለፈችው።

ቀጮ ለአዲሷ ሠራተኛ፣ "ይህቺን እትዬን ተዋወቂያት" አለቻት። "ደሞዝሽን እንዳትነግሪያት፤ ማታ ባሏ ያውቀዋል፣ ጠዋት ባንኩ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይገባኛል።

ሻዩን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። እጅጌው ረጅም ነው፤ ከሥሩ ፋሻ ይኑር አይኑር አይታይም። ተሽሏታል? ወይስ ደብቃኝ ነው? "እጅሽስ?" ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ስኳር በዛብኝ" አልኩ።

"እንደ ድሮው ነው ያደረግሁት" አለች።

ጠጣሁት፣ እስከ ታች። ስለ እጇ ምንም አላለችም። ድሮ ሳልጠይቃት ነበር የምትነግረኝ።