የጽጌ ጾምና ቀዩ መብራት

ኦክቶበር 9
ገናናው ዘንድሮ ጽጌን እጾማለሁ አለ። በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ጾሞት አያውቅም! ሁዳዴንም በልምምጥ ነው። "የፈቃድ ጾም አይደል እንዴ?" ስለው "ፈቀድኩ" አለኝ። ትራሱን ይዞ ሶፋ ላይ ወጣ። በጾም ባልና ሚስት አይነካኩም... ይሁን።

ኦክቶበር 12
ቤተ ክርስቲያን። አዲሷ ዘማሪ አርሴማ ገናናውን ስታይ ዓይኗን ሰበረች። እሱም ጫማውን ማየት ጀመረ። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ይፈራራሉ? ቀናሁ። ቆንጆ ናት፣ እሳት ይብላትና።

ኦክቶበር 16
ጃኬቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ የቴርሚን፣ የቀጠሮ ካርድ። ኒደርራድ ሰፈር፣ የቆዳ ሐኪም። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ። ሐሙስ እኮ "ፍሉግሃፈን ኡበርሽቱንደን አለኝ" ብሎ አየር ማረፊያ ትርፍ ሰዓት ሊሠራ የሚወጣበት ቀን ነው! ለማጠብ ብቻ ነው የፈተሽኩት? አይደለም።

ኦክቶበር 30
ታምሜያለሁ ብዬ ከሥራ ቀረሁ፤ ተከተልኩት። በመስታወቱ በር አየሁ። ነጭ ልብስ ለብሳ የተቀበለችው... አርሴማ! ሦስት ሰዓት ተኩል ታች ብርድ ላይ ቆምኩ። ሲወጣ ፊቱ ተደቀንኩ። አልጮህኩም... ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።
"ሀረግ፣ ኪንታሮት ነው" አለኝ።
"የት?"
ወደ ታች፣ ወደ ሱሪው አየ። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ዓይነት ነው አለ።
ክሬም ይቀቡታል፣ ሦስት ሰዓት ሸፍነው ያቆዩታል፣ ከዚያ ቀይ መብራት ያበሩበታል። "ያቃጥላል" አለ፣ እንደ ልጅ።
"መብራቱን ማነው የሚያበራው?"
"...እሷ። ሥራዋ ነው።"
ጾሙም ለዚሁ ነው። ሌላ ሴት ነካህ ትይኛለሽ ብሎ ፈርቶ። አልነካሁም ብሎ በማርያም ማለ። ላምነው? አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ሌላ ነው። ከእኔ የሸፈነውን እሷ መብራት አብርታ አየችው።

ኖቬምበር 6
"ባለቤትህም ትታይ" ስለተባለ ሄድኩ። አርሴማን በጥርሴ ሰላም አልኳት። እኔም አለብኝ፤ ውስጥ ስለሆነ አላየሁትም። "ይኸው አመጣልኝ!" አልኩ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ሳይታይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይታወቅም አለችኝ። "ከትዳር በፊት ሌላ ሰው ነበር?"
ሃብተኣብ። ካርቱም፣ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ኖረናል። ለገናናው ግን "ካንተ በፊት ማንንም አላውቅም" ብዬው ነው የተጋባነው...

ኖቬምበር 9
ነገርኩት። እሱን መንገድ ላይ አዋርጄ እንዴት ዝም ልበል? ሳህኑን ገፋ አደረገና "ቁመቱ ምን ያህል ነው?" አለኝ። ከሁሉ በፊት ይሄን!

ኖቬምበር 20
ጽጌ ካለቀ ቀናት አለፉ። ገናናው አሁንም ሶፋ ላይ ነው።
ዛሬ መብራቱ የእኔ ተራ ነበር። እውነትም ያቃጥላል። አርሴማ እጄን ያዘችኝ፣ አልነጠቅኳትም። ኤስባን፣ ባቡሩ፣ ተበላሽቶ ቤት ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ። ገናናው በሩ ላይ ቆሟል። ባቡሩ ነው ብዬ ብነግረውም ፊቴ ቆሞ ሐኪም ቤት ደወለ።
"ሚስቴ ስንት ሰዓት ነው የወጣችው?"
የአርሴማ ድምፅ ከስልኩ ተሰማኝ። "ወንድም ገናናው፣ የታካሚ ምስጢር ነው፣ ልነግርህ አልችልም።"
ስልኩን ዘጋ። "ምንሽን ነው የምትደብቅልሽ?" አለኝ።
ምን ብዬ ብነግረው ያምነኛል? እኔም አላመንኩትም ነበር።